አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ሲፈጅብኝ ምን አደረግሁ?

ደሴ፣ ቤቴ ተቀምጬ ለፈተና ሳነብ ነው። ገጹን እጨርሳለሁ፣ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም። በየሦስት ደቂቃው እጄ ስልክ ይፈልጋል። አራት ቀን እንዲሁ ባከነ።

መጀመሪያ የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አልሠራም፤ ባየሁት ቁጥር ያምረኛል። ቀጥሎ ቡና አበዛሁ። ማታ እስከ በረካ ስጠጣ እንቅልፌ ጠፋ፣ ጠዋት ደንዝዤ ዋልኩ። ቴሌግራምንም አጠፋሁ፤ ማታውኑ መልሼ ጫንኩት።

የሠራው ይኸ ነው። ስልኩን ጓዳ ላለችው እናቴ ሰጠሁ። የደወል ሰዓት ለ25 ደቂቃ ሞላሁ፤ ፖሞዶሮ የሚሉት ዘዴ ነው። አጠገቤ ባዶ ወረቀት አኖርኩ። ሐሳብ ሲመጣ «ከሰኞ ገበያ በርበሬ»፣ «ኮምቦልቻ መደወል» ብዬ ጽፌ ወደ ንባቤ እመለሳለሁ። ለእኔ ዋናው ይኸ ወረቀት ነው። ከንባቤ የምነሳው ሐሳቡን እንዳልረሳው ፈርቼ ነበር፤ ከጻፍኩት በኋላ ግን ይለቀኛል።

ሲደወል 5 ደቂቃ ደጅ ቆሜ የጦሳን ተራራ አያለሁ። በእረፍቱ ስልክ አይነካም፤ ከተነካ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ዙር ብቻ ቻልኩ። በሳምንቱ ስምንት ደረስኩ። 25 ከከበዳችሁ አብሽሩ፣ በ10 ጀምሩ።