የሁለት ሩቅ ከተሞችን የበረራ ርቀትና ጊዜ ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማሳረፍ። ከቶኪዮ እስከ ኒው ዮርክ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካሰመሩ ፓስፊክን አቋርጦ 12,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ጎብጦ በአላስካ በኩል ያልፋል፤ ርዝመቱም 10,850 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የኬክሮስና ኬንትሮስ አጻጻፍ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ማለት 40.63 እንጂ 40.38 አይደለም፤ ይህች ብቻ 28 ኪሎ ሜትር ታሳስታለች። ለምዕራብ ኬንትሮስ የመቀነስ ምልክት ከተረሳ ደግሞ ኒው ዮርክ ኪርጊዝስታን ውስጥ ትገኛለች።

ማይልን ከማይል መቀላቀል። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን የየብሱ 1.609 ነው። ከለንደን ኒው ዮርክ ያለው 3,000 የባሕር ማይል ገደማ በየብስ ማይል ከተባዛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጎድላል።

ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር፣ አካፍሎ መጨረስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለንደን–ኒው ዮርክ 5,550 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ስሌቱ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ትኬቱ ላይ ግን ወደ ምሥራቅ 7፣ ወደ ምዕራብ 8 ሰዓት አካባቢ ተጽፎ ይገኛል። አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ከፍ ባለው አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሆን፣ ከኋላ ሲገፋ በረራው 5 ሰዓት ተኩል፣ ከፊት ሲመጣ 7 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። በብርዳማዎቹ ወራት ነፋሱ ስለሚበረታ ልዩነቱ ይሰፋል። ሁለተኛው፣ ትኬቱ የሚቆጥረው ከመነሻው በር እስከ መድረሻው በር ነው፤ መሬት ላይ መንዳቱ፣ ሽቅብ መውጣቱና ለማረፍ ተራ መጠበቁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይጨምራል።

የመነሻን ሰዓት ከመድረሻው እንዳለ መቀነስ። በጃንዋሪ ከቶኪዮ 17፡00 የተነሳ አውሮፕላን ሎስ አንጀለስ በዚያው ዕለት 10፡00 ሊያርፍ ይችላል፤ ከመነሳቱ በፊት ደረሰ ማለት ነው! ሁለቱን ወደ ግሪንዊች ሰዓት ይለውጡ፦ 08፡00 ተነስቶ 18፡00 ደረሰ፣ በረራው 10 ሰዓት። የሰዓት ልዩነትንም በቃል ይዞ መጠቀም አያዋጣም። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ በመጨረሻው እሑድ ስለሚቀይሩ በመሃሉ ባሉት ሳምንታት የለንደንና የኒው ዮርክ ልዩነት 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ይሆናል።

አጭሩን መስመር ሁሌም ክፍት አድርጎ ማሰብ። ከ2022 ወዲህ የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች በመዘጋቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው ሄልሲንኪ–ቶኪዮ ወደ 13 ሰዓት ተጠግቷል። የከተሞቹ ርቀት አልተለወጠም፤ አውሮፕላኑ ዙሪያውን መዞሩ ነው እንጂ።

መሸጋገሪያ ካለ ደግሞ የእያንዳንዱን በረራ ርቀት ለየብቻ አስልተው ይደምሩ፤ የመቆያውንም ሰዓት አይርሱ።