ሳውና ሲያዘወትሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደረቅ ሳውና ውስጥ በራስ ከፍታ ያለው አየር ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ቆዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ ከቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ልብም በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ጊዜ ይመታል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ላቡን ከውፍረት መቀነሻ መቁጠር። ከሳውና ወጥተው ቢመዘኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ቀንሰው ሊያገኙት ይችላሉ። የቀነሰው ግን ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። የቀነሱት ግማሽ ኪሎ እንዳይመለስባቸው ብለው ውሃ የማይጠጡ ሰዎች የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ላብ መርዝ ያስወጣል የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፣ ደምን የማጥራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

እልህ ተጋብቶ መቆየት። ጀማሪ ሙቀቱ ቀለል የሚልበት የታችኛው እርከን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የለመደም ቢሆን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲሞላው ይውጣ። ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመረዎት ሰዓት ማየት አያስፈልግም፣ ወዲያው ይውጡ። በፊንላንድ ከ2,300 በላይ ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለና በ2015 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ የሚገቡት አንዴ ከሚገቡት ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ሰዎቹን በመከታተል ብቻ የተሠራ ምልከታ ስለሆነ ምክንያቱ ሳውናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ማዘውተር በአንድ ቀን ራስን ከማሰቃየት እንደሚሻል እናምናለን።

ብድግ ማለት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የደም ሥሮቹ ሰፍተው ሳለ ድንገት ሲቆሙ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ያንሳል፣ ዓይን ይጨልማል። የጋለው ምድጃ ደግሞ አጠገብ ነው። ተኝተው ከሆነ ሊወጡ 2 ደቂቃ ሲቀር ቁጭ ይበሉ፣ እግርዎን ወደ ታች አውርደው ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዘው ቀስ ብለው ይነሱ።

ከሙቀቱ በቀጥታ በረዶ ውሃ ውስጥ መግባት። የሰፉት የደም ሥሮች በአንዴ ይጠባሉ፣ ግፊትም ያሻቅባል። ጤነኛ ሰው ይቋቋመው ይሆናል፤ የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ግን በክፍል ሙቀት ትንሽ ተቀምጦ ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ።

አልኮል ጠጥቶ መግባት። በዚህ ላይ ድርድር የለም። አልኮል ግፊትን ያወርዳል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰውም ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

መድኃኒትን መርሳት። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት፣ በተለይ ፌንታኒል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ በሙቀት ከመጠኑ በላይ ወደ ደም ይገባል። የግፊትና ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጋጥሞት የነበረ፣ ዕረፍት ላይ ሳለ ደረቱን የሚወጋው ወይም የልብ ቫልቩ በጣም የጠበበ ሰው መግባት የለበትም። ነፍሰ ጡሮች በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይተዉት። ልጅ ለመውለድ እየሞከረ ያለ ወንድም ሙቀቱ የወንድ የዘር ሕዋስን ቁጥር ለጊዜው እንደሚቀንስ ይወቅ፤ ካቆመ ከወራት በኋላ ይመለሳል።