ኮምፓይለሩን ከርነሉ መርጦላችኋል፦ ድራይቨር ስትጽፉ የምትርቋቸው ስህተቶች

አዘዞ ሰሊጥ የሚያከማች አንድ ነጋዴ ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ጠራኝ። ሚዛኑ በዩኤስቢ ነው የሚሰካው። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ! በሦስተኛው ቀን የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) መልእክት በዲሜሴጅ ትዕዛዝ ከፍቼ ባነበው፣ ሊኑክስ ገመዱን ገና ስሰካው አውቆት ኖሯል። ገመዱ ውስጥ ያለችው ቺፕ ሲኤች340 ናት። ድራይቨሯ ከድሮም ከርነሉ ውስጥ አለ። የቀረኝ 20 መስመር ፓይተን ብቻ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ አንደኛው ስህተት የማያስፈልግ ድራይቨር መጻፍ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ሰክታችሁ ከርነሉ ምን እንደሚል አንብቡ። ባያውቀው እንኳ የዩኤስቢ ዕቃ ከሆነ ሊብዩኤስቢ የሚባለውን ላይብረሪ ሞክሩ። ከከርነል ውጭ ስለሚሠራ፣ ብትሳሳቱ የሚሞተው ፕሮግራማችሁ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩም (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) የለመዳችሁት ማንኛውም ይሆናል።

የግድ ከርነል ውስጥ መግባት ካለባችሁ ደግሞ ሁለተኛውና ትልቁ ስህተት ይመጣል፦ ኮምፓይለር በዝና መምረጥ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «ጂሲሲ ይሻላል ክላንግ?» እያልን የተጨቃጨቅንበት ጊዜ ቢደመር አንድ ድራይቨር ያስጽፍ ነበር። ጥያቄው ራሱ ቦታው አይደለም። የምትጠቀሙት ከርነል በምን ተሠራ? ሞጁላችሁም (ከርነሉ ላይ የሚጫነው ድራይቨራችሁ) በዚያው ይሠራል። ፕሮክ ሥር ያለውን የቨርዥን ፋይል (/proc/version) ክፈቱት፤ የኮምፓይለሩን ስም ከነቁጥሩ ይነግራችኋል። በክላንግ ለተሠራ ከርነል በጂሲሲ ልሥራ ብትሉ፣ ጂሲሲ የማያውቃቸው ትዕዛዞች ይመጡበትና ገና ከበሩ ላይ ይቆማል። ሲ++ን እርሱት፤ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ቦታ የለውም። ራስት የሚባለው ቋንቋ ግን ከ2022 ጀምሮ በከርነል 6.1 ገብቷል።

ሄደሮቹም (ሞጁል ለመሥራት የሚያስፈልጉት የከርነሉ ፋይሎች) እንደዚያው ናቸው። ኡቡንቱ ማታ ራሱን ያድሳል፤ ጠዋት ትናንት የሠራው ሞጁል «የሞጁሉ ቅርጽ ልክ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ኮዱ ምንም አልሆነም፤ የተቀየረው ከርነሉ ነው። ለአዲሱ ከርነል ሄደሩን አውርዳችሁ እንደገና ሥሩት፣ ወይም ይኼን ሥራ ከርነል ሲቀየር ሞጁሉን ራሱ ለሚሠራው ለዲኬኤምኤስ ስጡት። እኛ ከተማ ኔትወርክ መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ እኔ ሄደሮቹን ሲገኝ አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ትምህርት ቤት የለመድነውን ዴቭ-ሲ++ ይዞ መነሳት አለ። አይሆንም። የማይክሮሶፍት የድራይቨር ኪት ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር ነው የሚሄደው፣ ቨርዥናቸውም መገጣጠም አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ፊርማውን ነው። ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1607 ወዲህ አዲስ የከርነል ድራይቨር በማይክሮሶፍት በኩል መፈረም አለበት። እናንተ ቤት በሙከራ ሁነታ ይሠራል፤ ደንበኛው ቤት ግን እንዲህ ያለውን የማያሳልፈው ሴኪዩር ቡት በርቶ ይጠብቃችኋል።

አሁን እኔን በጣም ያደከመኝን ልንገራችሁ። ዕቃው ሥራውን እስኪጨርስ የሁኔታ ሬጅስተሩን (ዕቃው ሁኔታውን የሚያሳይባትን አድራሻ) በሉፕ እጠብቃለሁ። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፋጥንበት) ሲጠፋ ይሠራል፤ ኦ2 በሚባለው ደረጃው ላይ ለዘላለም ይዞራል። «ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል» ብዬ ሌላ አወረድኩ። ያም ያው ሆነ። ለካ ኮምፓይለሩ ጤነኛ ነው። በእሱ ዓይን ያቺ አድራሻ ተራ ሚሞሪ ናት፤ ማንም ካልጻፈባት አንዴ አንብቦ ያንኑ ዋጋ ይይዛል። ከውጭ ዕቃው እንደሚቀይራት ማን ነገረው? መፍትሔው ኦፕቲማይዜሽን ማጥፋት አይደለም፤ የእኔ ሞጁል ቢሠራም ሊኑክስ ከርነል ራሱ ያለሱ ኮምፓይል አይደረግም። «ይቺ ዋጋ ከውጭ ትቀየራለች» የሚለውን የቮላታይል ቃል በየቦታው መበተንም አይደለም። ሬጅስተርን ከርነሉ ባዘጋጃቸው፣ ሪድኤልና ራይትኤል በሚባሉት ፈንክሽኖች አንብቡ፣ ጻፉ።

እግረ መንገዴን፦ ከርነል ውስጥ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) አትጠቀሙ። የሰሊጡን ክብደት በግራም፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት። ለራስበሪ ፓይ ላፕቶፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፓይው ላይ የሚሠራው ከርነል 32 ቢት ይሁን 64 አስቀድማችሁ እዩ፤ ክሮስ ኮምፓይለሩ (ለሌላ ማሽን የሚሠራው) ይለያያል።

የመጨረሻው የዋና ላፕቶፕን መሞከሪያ ማድረግ ነው። አንዴ በአንዲት ባዶ ፖይንተር ምክንያት ማሽኔ ድርቅ አለ፤ ሴቭ ያላደረግኩት የግማሽ ቀን ሥራ አብሮ ሄደ። የመብራት ኃይል ድርሻ እንኳ አልነበረበትም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። አሁን ኪውኢሙ በሚባል ምናባዊ ማሽን ውስጥ ሌላ ከርነል አስነሳለሁ፤ ኬሳን የሚባለውን የሚሞሪ ጠባቂም አብርቼ። ከርነሉ ሲሞት መስኮቱን ዘግቼ እንደገና አስነሳዋለሁ፤ ኬሳንም የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንደሳትኩ ጽፎ ይጠብቀኛል።