ባጃጅ የማያውቀውን ሞዴል ባጃጅ ማስተማር
ከመንገድ ፎቶ ላይ ባጃጅ፣ ሚኒባስና እግረኛ ለይቶ የሚያወጣ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሞዴል መሥራት ፈልጋችኋል እንበል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ኮኮ (COCO) በሚባለው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የፎቶ ስብስብ በሠለጠነ ዝግጁ ሞዴል ነው። ኮኮ 80 የነገር ዓይነቶች አሉት፤ መኪና አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሞተርሳይክል አለ፣ ባጃጅ ግን የለም። ስለዚህ የራሳችሁን ፎቶ ሌብል ማድረጋችሁ፣ ማለትም እያንዳንዱን ነገር በሳጥን ከባችሁ ስሙን መስጠታችሁ አይቀርም።

ሁሉንም ግን በእጅ አትሥሩት። ሲቫት (CVAT) ወይም ሌብል ስቱዲዮ (Label Studio) የሚባሉትን የሌብል ማድረጊያ ፕሮግራሞች ጫኑ፤ የሁለቱም ነፃ ቅጂ አለ። መጀመሪያ 200 ወይም 300 ፎቶ ላይ በጥንቃቄ ራሳችሁ ሳጥን ሳሉ። በዚያ ትንሽ ሞዴል አሠልጥኑና ቀጣዮቹን ፎቶዎች እሱ ይሳልባቸው፣ እናንተ አርሙ፣ ያረማችሁትን ጨምራችሁ እንደገና አሠልጥኑ።

ከዚያ በፊት ግን ሕግ ጻፉ። በአውቶቡስ የተከለለ ባጃጅ የሚታየው ክፍሉ ብቻ ነው የሚከበበው ወይስ ሙሉው ተገምቶ? ውስጡ ያለው ሹፌር ለብቻው "ሰው" ይባላል? ማስታወቂያ ላይ ያለ የመኪና ፎቶስ? እኔ የሚታየውን ብቻ መክበብ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌላም ብትመርጡ ችግር የለውም፣ ዋናው ሌብል የሚያደርጉት ሰዎች በሙሉ አንድ ዓይነት መሥራታቸው ነው።

ሳጥኑ ጠበቅ ይበል፣ በተለይ ትንንሽ ነገር ላይ። 20 በ20 ፒክስል የሆነን ነገር በየጎኑ 2 ፒክስል አስፍታችሁ ብትከቡት ከትክክለኛው ሳጥን ጋር ያለው መደራረብ (የጋራ ስፋታቸው ሁለቱ አንድ ላይ ለሚሸፍኑት ስፋት ሲካፈል) ወደ 69 በመቶ ይወርዳል፤ 200 በ200 በሆነ ነገር ላይ ግን ያው ስህተት 96 በመቶ ላይ ያቆየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞዴሉ አበላሽቶ የሳለውን ማረም ቀላል ነው፤ ከባዱ ጭራሽ ያልሳለውን ማየት ነው። ዓይናችን የተሳለውን ሳጥን ተከትሎ ይሄድና ጥግ ላይ ያለችው ባጃጅ ታመልጠናለች። ያለ ሳጥን ካለፈች ደግሞ ሞዴሉ "ይሄ ባጃጅ አይደለም" ብሎ ይማራል፣ በሚቀጥለው ዙርም እሷን የመሰሉትን ይዘላል፣ እናንተም አብራችሁት ትዘላላችሁ። ስለዚህ ፎቶውን ስትከፍቱ ሳጥኖቹን ደብቁ፣ ያለውን ቁጠሩ፣ ከዚያ ሳጥኖቹን አምጥታችሁ አመሳክሩ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን እባካችሁ አትዝለሉት።

የሞዴሉን ብቃት የምትለኩባቸው የመፈተኛ ፎቶዎች ላይ ሞዴሉ በጭራሽ ሳጥን አይሳል፤ ከባዶ በሰው እጅ ይሠሩ። ፎቶዎቹ ከቪዲዮ የተቆረጡ ከሆኑም የአንድ ቪዲዮ ፎቶዎች ግማሹ ማሠልጠኛ፣ ግማሹ መፈተኛ ውስጥ አይግቡ፤ ከገቡ ሞዴሉ ያየውን መልሶ ስላየ ብቻ ውጤቱ ያማረ ይመስላችኋል።