የደጋ ቀይ ወይን አቀዳድ፦ ከአንዲት ጠጅ ጣይ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጠጅ ስጥል ሃያ ዓመት አልፎኛል። ማርና ጌሾ አውቃለሁ ብዬ የእህቴ ልጅ የላከልኝን የአርጀንቲና ቀይ ወይን እንደ ጠጅ አስተናገድሁት፤ ጉድ ሆንሁ። ሁለተኛው ጠርሙስ ግን ሠመረልኝ።

ወይኑ ማልቤክ ይባላል፣ ከሳልታ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ከ3000 ሜትር በላይ የተተከለ ወይን አለ፤ ከማርቆስ ይበልጣል ማለት ነው። ጮቄ ላይ በዚያ ከፍታ የምናውቀው ገብስና ድንች ነው። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ «እኛስ ለምን አንተክልም?» አለ። የሳልታ ሸለቆ ደረቅ ነው፣ በመስኖ ያለሙታል፤ የኛ ክረምት ፍሬውን ያሻግተው ነበር። ቀን ፀሐዩ ስለሚበረታ ልጣጩ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ኮምጣጣነቱ አይጠፋም። አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ ገደማ ነውና እንደ ብርዝ አትጠጡት።

ከአዲስ አበባ ስታመጡት አውቶቡስ ጣራ ላይ አትጫኑ። የመጀመሪያው ጠርሙሴ የሞተው ዓባይ በረሃ ነው፤ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ አንገቱ ተጣብቆ ደረሰ። በቢላዋ ልከፍተው ስል ቡሹ ተፈረፈረ፣ ሲቀዳም የተቀቀለ ፍራፍሬ ሸተተኝ። እናም በነጠላ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር ያዙት፣ ቡሽ መንቀያም ግዙ። ቤት ሲደርስ ቡሹ እንዳይደርቅ ከምድጃ ርቆ ጓዳ ይተኛ። ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጣል።

ስትከፍቱት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ደግ ነው። የማርቆስ ጓዳ ማታ ማታ ከዚያ ብዙም አይርቅ፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ግን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቡት። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ የመስታወት ጆግ ውስጥ ገልብጡ። አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ፣ አምቡላ ማን ይጠጣል? ጆጉን አንድ ሰዓት ያህል ሳትከድኑ ተዉት። ጠጄን እንዲህ አልደፍርም፣ ይህ ግን ነፋስ ሲያገኝ ይከፈታል።

ብርሌ አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ነው፣ ወይኑን ማሽከርከር አይቻልም። ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ፈልጉና ሲሶውን ብቻ ቅዱ። የከበደኝ ይህ ነው። እኛ ዘንድ ጎደሎ መቅዳት ነውር ነው። አማቴ ፊት ሲሶ ብርጭቆ ሳስቀምጥ ባለቤቴ በዓይኑ ቆነጠጠኝ፤ እሳቸውም «ልጄ፣ አለቀ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ አላለቀም አባባ፣ እስቲ አሽከርከር አድርገው ያሽትቱት» አልኋቸው።

አፍንጫቸውን አስገቡና ዝም አሉ። ቆይተው «እንጆሪ እንጆሪ ይላል» አሉ። ሞልቼው ቢሆን ገበታው ላይ ይፈስ ነበር እንጂ ማን ያሽከረክረዋል? ሲያልቅ ደገምሁላቸው፣ ነውሩም ቀረ።

ዶሮ ወጥ አታቅርቡለት። በርበሬና ያ ሁሉ አልኮል ተጋግዘው ምላስ ያነዳሉ፤ ለዶሮ ወጥ የኔ ጠጅ አለ። ለወይኑ ስብ ያለው የበግ ጥብስ፣ ቃሪያው ቀለል ብሎ። እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያደርቀውን ነገር ስቡ ያለዝበዋል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። መኮምጠጥ ሲጀምር እኔ ሥጋ እዘፈዝፍበታለሁ።