በኮንቬንሽን የአንድ ምሽት የሚና ጨዋታ ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ላይ አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ጌም ማስተር ይባላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል። ይሳካለት አይሳካለት በዳይስ ይታያል። ከሁሉም የታወቀው ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት። አብዛኛው ሰው ከጓደኞቹ ጋር በየሳምንቱ እየተገናኘ አንዱን ታሪክ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጫወተዋል።

ኮንቬንሽን ላይ፣ ማለትም የጨዋታ አፍቃሪዎች ከየቦታው በሚሰበሰቡበት ትልቅ ዝግጅት ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ጄን ኮንን እንውሰድ። ጋይጋክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኒቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ጀመረው። ዛሬ በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይሰበስባል። እዚያ የምትቀመጡት ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ነው። ለአንድ ጨዋታ የሚያዘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ብትጀምሩ 5 ሰዓት ላይ ትነሳላችሁ። «ሳምንት እንቀጥላለን» የሚባል ነገር የለም። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስለኛል፤ ለወራት የሚሆን ዝግጅት ተሸክሞ ለአንድ ምሽት ከመምጣት።

አራቱን ሰዓት በሙሉ የጨዋታ ጊዜ አድርጎ መቁጠር

ብዙ ምሽት የሚያበላሸው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እስቲ ጊዜውን እንቁጠረው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ሰው ጠረጴዛውን ፈልጎ እስኪያገኝ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። ለመተዋወቅና ገጸ ባሕርይ ለመምረጥ ሌላ ሩብ ሰዓት። ደንቡን ለማስረዳት ዐሥር ደቂቃ። መሃል ላይ ሽንት ቤት የሚሄድ አለ፣ ውሃ የሚገዛ አለ፤ ዐሥር ደቂቃ በሉት። ዕቃ ሰብስቦ ጠረጴዛውን ለመልቀቅ ደግሞ ዐሥር ደቂቃ። አንድ ሰዓት ሄደ።

ከቀረው ሦስት ሰዓት ላይ ውጊያውን ቀንሱ። አምስት ሰው፣ ያውም ግማሹ ጀማሪ፣ ተራ እየጠበቀ ሲዋጋ አንድ ውጊያ 45 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ። ሁለት ውጊያ ካሰባችሁ ግማሹ ጊዜ አለቀ። ለቀረው ነገር ሁሉ፣ ለንግግሩ፣ ለምርመራው፣ ለሳቁ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ያላችሁ።

በዚህ ሂሳብ የሚያዋጣው ሦስት ትልልቅ ትዕይንትና አንድ መጨረሻ ነው። ታሪኩ ከገዳም የተሰረቀ ብራና ከአንድ ባለጸጋ ቤት ማስመለስ ነው እንበል። ግብዣ ላይ ሰርጎ መግባት፣ አንድ። ብራናው የት እንደተደበቀ ማወቅ፣ ሁለት። ይዞ ለመውጣት ከዘበኞቹ ጋር መፋለም፣ ሦስት። መጨረሻው ደግሞ ብራናውን ለማን ያስረክባሉ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም አሁን ሦስት ሰው ይፈልገዋል። በቃ። የባለጸጋው ቅድመ አያት በየትኛው ጦርነት ማንን እንደከዳ ዐሥር ገጽ ጽፋችሁ ከሆነ ለራሳችሁ አንብቡት። ጠረጴዛው ላይ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጊዜውን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስሉት። 5 ሰዓት ላይ የምትነሱ ከሆነ ፍልሚያው ቢዘገይ ቢዘገይ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመር አለበት። 3 ሰዓት ሲሆን ሰዓታችሁን እዩ። ሰዉ ገና ግብዣው ላይ እየቀለደ ከሆነ አንድ ነገር መቆረጥ አለበት። ምን እንደሚቆረጥ ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ወስኑ። ሊቀር የሚችለው ትዕይንት አናት ላይ «ይዘለላል» ብላችሁ ጻፉበት። በዚያ ጫጫታ መሃል ይሄን የሚወስን ጭንቅላት አይተርፋችሁም።

ገጸ ባሕርዩን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስፈጠር

ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለማያውቅ ሰው ገጸ ባሕርይ ከዜሮ መፍጠር አንድ ሰዓት ይወስዳል። አንድ ሰዓት የላችሁም። ስለዚህ ተዘጋጅተው፣ ታትመው ይምጡ። ከወንበሩ ቁጥር አንድ ሁለት ይብለጡ፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ሰው የተረፈውን ይወስዳል።

ደረጃው፣ ማለትም ገጸ ባሕርዩ ምን ያህል እንደጠነከረ የሚያሳየው ቁጥር፣ ስንት ይሁን? የኔ ምርጫ ሦስተኛ ደረጃ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ጠንቋይ ስድስት ወይም ስምንት የሕይወት ነጥብ ይዞ ይገባል፤ አንድ ደህና ምት ካገኘው ተዘረረ። ዐሥረኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የአስማቱ ዝርዝር ብቻ ገጽ ይሞላል፤ ተጫዋቹ ሲያነብ ይመሻል። ሦስተኛው ልክ ነው። ገጸ ባሕርዩ የራሱ መልክ አለው፣ ቶሎ አይሞትም፣ ወረቀቱም አንድ ገጽ ላይ ይበቃል።

ቁጥር ብቻ አትስጧቸው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ አንዱ ለምን እዚህ እንደመጣ፣ ሌላው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ምን እንደሚያገናኘው። «ብራናውን የገለበጡት አያትህ ናቸው።» «ለቀስተኛው ገንዘብ ተበድረሃል፣ እስካሁን አልከፈልክም።» ከእንዲህ ዓይነት መስመር የሚወጣው ጨዋታ እናንተ ካሰባችሁት ሁሉ ይበልጣል። ያዘጋጃችሁት ሰው ብቻውን ጥግ ይዞ የሚቆዝም፣ ማንንም የማያምን ገዳይ ከሆነ ቅደዱት። ሁሉም ቦታ አለ፣ ሁሉም ቦታ ችግር ነው።

መግለጫውን በምሥጢር መሙላት

ጄን ኮን ላይ ጨዋታ ስታስመዘግቡ የምትሞሉት ቅጽ አለ። ዝቅተኛና ከፍተኛ የተጫዋች ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ልምድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙ ሰው እነዚህን ቶሎ ሞልቶ ጉልበቱን መግለጫው ላይ ያፈስሳል። «ጨለማው ተነሥቷል፤ ጀግኖች የት ናችሁ?» ይላል። ይሄ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። የትኛው ጨዋታ ነው? ስርቆት ነው፣ ውጊያ ነው፣ አስፈሪ ነው? ጀማሪ ይመጣል? ዳይስ ይዘን እንምጣ? ልጄን ይዤ ልምጣ? እነዚህን መልሱለት። ተጫዋቹ ቀልድ ፈልጎ መጥቶ ሬሳ ከጠበቀው ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ስምንት ወንበር መክፈት

ብዙ ሰው ለማስደሰት ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ስምንት ሰው ሲሆን አንዱ ተራው እስኪደርሰው ስልኩን ያወጣል። አዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ሰው ይጮኻል፤ ጫፍ ላይ ያለው ድምፃችሁን አይሰማም። አምስት ምርጥ ነው፣ ስድስት ጣሪያው ነው። ደግሞም አስቀድሞ የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም። ለዚያ ጨዋታ ሳይመዘገብ፣ ጠቅላላ ትኬት ይዞ ክፍት ወንበር ካለ ብሎ የሚዞር ሰውም አለ። ስለዚህ ውጊያውን ለሦስት ሰውም ለስድስት ሰውም እንዲሆን አድርጋችሁ ያዙ። ዘበኞቹን መቀነስ ወይም መጨመር ይበቃል።

መጠጥ ቤት ውስጥ መጀመር

የተለመደው አጀማመር ይሄ ነው። ሁሉም መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል፣ አንድ ሽማግሌ ሥራ ይዞ ይመጣል፣ እነሱ ዋጋ ይከራከራሉ። ዋጋ ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አንዳንዱማ ሥራውን እምቢ ይላል! ሥራውን ተቀብለው፣ ልብስ ቀይረው፣ የባለጸጋው በር ላይ ዘበኛው «ጥሪ ወረቀት?» ሲላቸው ጀምሩ።

ደንብ ማስተማር ላይ መቆየት

20 ጎን ያለውን ዳይስ ወርውር፣ ወረቀትህ ላይ ያለውን ቁጥር ደምርበት፣ እኔ ያሰብኩትን ከደረስክ ወይም ካለፍክ ተሳካልህ። ለመጀመር ሌላ አያስፈልግም። ቀሪው ሲመጣ ይነገራል። ስለ አንድ ደንብ ክርክር ከተነሣ መጽሐፍ አትግለጡ። እዚያው ወስኑ፣ እለፉ፤ ያኮረፈውን ሰው ከጨዋታው በኋላ ታዋሩታላችሁ።

አንድ ፍንጭ ብቻ ማስቀመጥ

ብራናው ያለው ከዕቃ ቤቱ ሥር ነው፤ ይሄን የምታውቀው ምግብ አብሳይዋ ብቻ ናት። ተጫዋቾቹ ግን ወደ ወጥ ቤት ዞር አላሉም። አሁን ምን ይሁን? ጌም ማስተሩ ያልበዋል፣ ተጫዋቾቹ ያዛጋሉ፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ጌም ማስተሮች የሦስት ፍንጭ ደንብ የሚሉት አለ። ተጫዋቾቹ የግድ ሊደርሱበት ለሚገባ ነገር ሁሉ ቢያንስ ሦስት መንገድ አስቀምጡ። አብሳይዋ ታውቃለች። ደረጃው ላይ የጭቃ ዱካ አለ። ሰካራሙ የባለጸጋው ወንድም ደግሞ ለሰማው ሁሉ ሊነግር ነው። ሦስቱንም ካለፏቸው? ሰካራሙ ራሱ ይምጣና እግራቸው ሥር ይውደቅ። ይሄ ማጭበርበር የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ አይመስለኝም።

ዳይሱም ላይ እንዲሁ ነው። ታሪኩ እንዲቀጥል የግድ መከፈት ያለበትን በር በዳይስ አትቆልፉት። አልተሳካም ማለት በሩ ተከፍቶ ዘበኛ ሰማ ማለት ይሁን።

ወሬኛውን በይሉኝታ ማለፍ

አብዛኛው ጠረጴዛ አንድ ወሬኛ አያጣም። ሌላው ሳይጨርስ ይመልሳል፣ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ያዛል፣ ስለ ድሮ ጨዋታው ያወራል። ሐበሻ ጌም ማስተር እዚህ ላይ ይቸገራል። እንግዳ ሰው፣ ያውም ከፍሎ የመጣ፣ እንዴት ይቋረጣል? ግን ሌሎቹ አራቱም ከፍለዋል። መቆጣት አያስፈልግም። «ጥሩ፣ አንተ በሩን እየሰበርክ ነው። በዚህ መሃል አንቺ የት ነሽ?» ብሎ ዝም ወዳለችው መዞር ይበቃል። ስሟንም ጥሩት፤ የገጸ ባሕርይዋን ማለቴ ነው። ለዚህ እንዲያመች ሁሉም የገጸ ባሕርዩን ስም ካርቶን ላይ ጽፎ ፊቱ ያቁም።

ይሉኝታ በተጫዋቹም በኩል አለ። አንድ ትዕይንት ያልተመቸው ሰው እንግዶች ፊት «ይሄ ይቅርብኝ» ለማለት ያፍራል። ምን እንዳለፈበት አታውቁም። ለዚህ ጆን ስታቭሮፖሎስ ያዘጋጀው ኤክስ ካርድ የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል። ማንም ከነካው ያ ነገር ይታለፋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሲጀመር በግማሽ ደቂቃ ይነገራል። «ጨዋታውን ያቀዘቅዛል» የሚሉ አሉ። ባብዛኛው ሳይነካ ነው የሚያመሸው፤ መኖሩ ግን ሰውን ዘና ያደርገዋል።

መጨረሻውን ለዕድል መተው

ብዙ የኮንቬንሽን ጨዋታ «ውይ፣ ሰዓት አለቀ፤ ከዚያማ ታሸንፋላችሁ» ተብሎ ይበተናል። ሦስት ሰዓት የጓጓ ሰው ይሄ አይገባውም። ፍልሚያው ከረዘመ የዘበኞቹን አለቃ እዚያው ጣሉት፤ ስንት የሕይወት ነጥብ እንደቀረው የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ብራናውን ለማን እንስጥ የሚለው ክርክር ግን አይነካ። ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው። ከዚያ ጠረጴዛውን ዙሩና እያንዳንዱን «ከዓመት በኋላ ሰውህ የት ነው?» በሉት። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥቃቅኑን መርሳት

እርሳስ ከነመቅረጫው፣ ትርፍ ዳይስ፣ የሚታይ ሰዓት፣ ብዙ ውሃ። ጽሑፋችሁ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ባትሪ ይከዳችኋል፤ አትሙት። ለአራት ሰዓት ከጫጫታ በላይ ስታወሩ ድምፅ ይዘጋል፤ ስለዚህ በተከታታይ ሁለት ጨዋታ አትያዙ።

ሳትበሉም አትግቡ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ኢንዲያናፖሊስ ድረስ መሄድ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) አፍቃሪዎች ኮንቬንሽን የሆነው ኦታኮን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ነው የሚካሄደው። በእግር ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ወጣ ብትሉ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። እዚያው በልታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ። ቋጥራችሁ ጠረጴዛው ላይ እንዳትፈቱት፤ ወጥ የነካው የገጸ ባሕርይ ወረቀት አይነበብም።

ሳይሞክሩ መሄድ

ቤታችሁ ውስጥ በዝምታ ስታነቡት ሁሉም ታሪክ በሰዓቱ ያልቃል። አራት ሰው ሰብስቡና ሰዓት ይዛችሁ አጫውቱት። የታሪኩን ምሥጢር ስትጽፉ የነገራችኋቸውን ጓደኞች አትጥሩ፤ እነሱ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ይሄዳሉ። ቢያንስ አንዱ ዳይስ ነክቶ የማያውቅ ይሁን፤ የት እንደሚደናገር ታዩታላችሁ። ይሄ የሚደረገው በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ሳትደርሱ ሰዓቱ ካለቀ ለመቁረጥም እንደገና ለማተምም ጊዜ ይኖራችኋል።