መኪናችሁ «ራይት ኦፍ» (ማሠራቱ አያዋጣም) ሲባል ከስማችሁ እንዴት ታወርዱታላችሁ? (ለብሪታንያ ነዋሪዎች)

እዚህ ለንደን መኪናዬን፣ ፕሪየሴን፣ ከኋላ ገጭተዋት ኢንሹራንሱ «ማሠራቱ አያዋጣም» ብሎ ግምቷን ከፈለኝ፤ መኪናዋንም ጭኖ ወሰዳት። እኔም የመንገድ ታክሱን ዳይሬክት ዴቢት (ከሒሳቤ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) ባንክ ሄጄ አቋረጥኩና ጉዳዩ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ታክስ አልከፈልክም የሚል የ80 ፓውንድ ቅጣት መጣ። ቀጥሎ እግሬ ረግጦት ከማያውቅ ሰፈር የፓርኪንግ ቅጣት፣ ከዚያ ደግሞ ከፖሊስ «በዚህ ቀን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲነዳ የነበረው ማን ነው?» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ለካ መኪናዋን በኋላ የገዛው ሰው አሠርቶ እየነዳት ኖሯል። በዲቪኤልኤ (መኪናና መንጃ ፈቃድ በሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ያለው ግን የእኔ ስም ነበር።

የካሳውን ገንዘብ መቀበልና ከመዝገቡ መውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሎግቡኩ (ዲቪኤልኤ የሚሰጠው የመኪናው የምዝገባ ሰነድ) የባለቤትነት ማስረጃ እንዳልሆነ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያሳየው መኪናውን በኃላፊነት የያዘው ማን እንደሆነ ነው። ካውንስሉም (የአካባቢው አስተዳደር) ፖሊሱም መጀመሪያ የሚጽፉት ለዚያ ሰው ነው። መኪናው ራይት ኦፍ መሆኑን ለዲቪኤልኤ አለማሳወቅ ብቻውን እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

1. መኪናው በየትኛው የጉዳት ምድብ እንደገባ ኢንሹራንሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ኤ ከሆነ መኪናው እንዳለ ይጨፈለቃል፤ ቢ ከሆነ ዕቃው ተፈትቶ አካሉ ይጨፈለቃል። ኤስ (አካሉ የተጎዳ) እና ኤን (አካሉ ያልተጎዳ) ግን ተጠግነው መንገድ ላይ ይወጣሉ። የእኔ ኤስ ነበረች። የእናንተም ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ለዲቪኤልኤ ማሳወቁን አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት።

2. የራሳችሁ ልዩ ታርጋ ካላችሁ ካሳውን ከመጨረሳችሁ በፊት ከመኪናው ላይ አስነሡት።

3. ሎግቡኩ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኢንሹራንሱ ላኩልኝ ይላል፣ መላክም አለባችሁ፤ እኔ ግን ሙሉውን በፖስታ ከትቼ ላክሁት። እናንተ ከመላካችሁ በፊት «ለመኪና ነጋዴ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ» የሚለውን ቢጫ ክፍል ቀድዳችሁ አስቀሩ። ባለ 11 አሃዙን ቁጥር ጻፉ፣ እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ አንሡ። ይህ ቁጥር ከእጃችሁ ከወጣ ኢንተርኔት ላይ ማሳወቅ አትችሉም። እኔም የተቸገርኩት በዚሁ ነው።

ከዚያ በመንግሥት ድረ ገጽ ገብታችሁ ራሳችሁ አሳውቁ፤ የኢንሹራንሱን ስምና ፖስትኮድ አዘጋጁ። መኪናው የሄደው ለኢንሹራንስ ነውና ለግለሰብ እንደተሸጠ አድርጋችሁ እንዳትሞሉ። ስልክ ላይ «እኛ እናሳውቅልዎታለን» ቢሏችሁም አትመኑ፤ ለእኔም ብለውኝ ነበር። በፖስታ ማሳወቅም ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም፤ በኢንተርኔት ሲሆን ማረጋገጫው በኢሜይል ይመጣላችኋል፣ ያ ኢሜይል ደግሞ በኋላ ጋሻችሁ ነው።

4. ታክሱን ባንክ ላይ አታቋርጡ። ዲቪኤልኤ ሲነገረው ራሱ ያቋርጠዋል፣ የቀሩትን ሙሉ ወራትም ይመልስላችኋል። የሚቆጠረው መረጃው ከደረሰው ቀን ስለሆነ በዘገያችሁ ቁጥር ገንዘባችሁ ይቀንሳል።

5. ከስማችሁ መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠብቁ። በአራት ሳምንት ካልመጣ ደውሉ።

መኪናውን መልሳችሁ ከኢንሹራንሱ ከገዛችሁት ኃላፊነቱ እናንተው ጋ ይቀራል። ኤስ ከሆነ ሙሉውን ሎግቡክ ለኢንሹራንሱ ልካችሁ በቪ62 ቅጽ በነፃ አዲስ ታወጣላችሁ፤ ኤን ከሆነ ሎግቡኩን መያዝ ትችላላችሁ። እስኪጠገን ድረስ ሶርን (መኪናው መንገድ ላይ እንደማይነዳ ለዲቪኤልኤ የሚሰጥ ማስታወቂያ) አስመዝግባችሁ ከመንገድ ውጭ፣ በግል ቦታ አቁሙት። ያለ ሶርንና ያለ ኢንሹራንስ ቆሞ ቢገኝ ቅጣቱ ለእናንተ ነው።

ቅጣቱ አስቀድሞ ከደረሳችሁስ? የካውንስሉን በ28 ቀን ውስጥ «በዚያ ቀን መኪናው የእኔ አልነበረም» ብላችሁ ተቃወሙ። ካሳው የተከፈለበትንና መኪናው የተወሰደበትን ቀን የሚያሳይ የኢንሹራንስ ደብዳቤ አያይዙ፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። የፖሊሱ ግን ይለያል። «እኔ አልነዳሁም» ብሎ ደብዳቤውን መጣል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ በ28 ቀን ካልመለሳችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ 6 ነጥብና እስከ 1,000 ፓውንድ ቅጣት ያመጣል። እኔ በ26ኛው ቀን ነው የመለስኩት፤ የኢንሹራንሱን ስምና አድራሻ ጽፌ፣ የክፍያውን ደብዳቤ አያይዤ፣ በሪኮማንዴ።